ሲጋራ ያቆመ ሰው ለምን የደም ስኳሩን መከታተል አለበት

የሲጋራ ጉዳት ሲነሣ አብዛኛው ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ሳንባን፣ ልብንና ካንሰርን ሲሆን፣ የስኳር በሽታ ግን ከትንባሆ ጋር ተያይዞ እምብዛም አይጠራም። ይሁን እንጂ የአሜሪካ መንግሥት የሕዝብ ጤና ዋና ሐኪም ጽሕፈት ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ ማጨስ የሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ አንዱ መንሥኤ እንደሆነና የሚያጨሱ ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከማያጨሱት ከ30 እስከ 40 በመቶ እንደሚበልጥ በግልጽ አስፍሯል። ከዚህ ተነሥቶ ሲጋራን ማቆም አደጋውን ወዲያውኑ እንደሚቀንሰው ማሰብ ተገቢ ይመስላል፤ በረጅሙ ሲታይም እውነት ነው፤ ነገር ግን በመካከል ያሉት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት የራሳቸው ጠባይ ስላላቸው፣ ሲጋራ ያቆመ ሰውም ሆነ ቤተሰቡ ሊያውቃቸው ይገባል።

ሜታቦሊዝም የሚባለው ሰውነት ከምግብ ያገኘውን ወደ ጉልበት የሚለውጥበትና የተረፈውን የሚያከማችበት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሴሎች እንዲገባ ያዛል። ሴሎቹ ትእዛዙን በደንብ መቀበል ሲያቅታቸው ቆሽት የበለጠ ኢንሱሊን ለማመንጨት ይገደዳል፤ ይህ ሁኔታ የኢንሱሊን መቋቋም የሚባለው ነው፤ ቆሽት ይህን ጫና ለዓመታት ተሸክሞ ሲዳከም ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ብሎ በሽታው ይከሠታል። ኒኮቲን በዚህ ሂደት ውስጥ ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ ይገባል፤ አድሬናሊን የመሳሰሉ የውጥረት ሆርሞኖችን ከፍ ያደርጋል፣ ከስብ ክምችት ውስጥ ስብ ወደ ደም እንዲለቀቅ ይገፋፋል፤ አጫሾችም ክብደታቸው ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ እንኳ ሆዳቸው ውስጥ፣ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ፣ የሚከማቸው ስብ ከፍ ያለ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ቀጭን አጫሽ ከስኳር በሽታ የተጠበቀ ነው የሚለው ግምት መሠረት የለውም።

ይህን በሰው ጡንቻ ላይ ቀርበው ከመረመሩት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ ለሊትልተን ከተማና ለአካባቢው ነዋሪዎች በጣም ቅርብ በሆነ ስፍራ ነው። በአውሮራ ከተማ በኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ የሚገኘው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ አንሹትዝ የሕክምና ግቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለሕክምና የሚሄዱበት፣ አንዳንዶቹም የሚሠሩበት ነው። የዚህ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ብራያን በርግማንና ባልደረቦቹ በ2012 ዳያቢቲስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ አጫሾች ለኢንሱሊን የሚሰጡት ምላሽ ከማያጨሱት ያነሰ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ ማጨስ ካቆሙ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህ ምላሽ እንደተሻሻለ አሳይተዋል። በጡንቻ ውስጥ የኢንሱሊንን መልእክት ተቀብሎ የሚያስተላልፍ አንድ ፕሮቲን በአጫሾች ዘንድ ሥራውን በሚያደናቅፍ ኬሚካላዊ ምልክት ተይዞ የተገኘ ሲሆን፣ ማጨስ ሲቆም ምልክቱ ወደ ጤናማው መጠን ተመልሷል። ተመራማሪዎቹ በላቦራቶሪ ባሳደጓቸው የጡንቻ ሴሎች ላይ ኒኮቲንን ብቻ ሲጨምሩም ያው ጉዳት ታይቷል። ለዓመታት የተጎዳ የሚመስለው ጡንቻ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማገገም መጀመሩ እጅግ የሚያበረታታ ግኝት ነው፤ በሌላ በኩል ግን ያለ ጭስ ኒኮቲን የሚያቀብሉ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራዎች ለስኳር በሽታ ጉዳይ ንጹሕ ምትክ ናቸው የሚለውን አባባል በጥርጣሬ እንድንመለከተው ያደርጋል።

ታዲያ ጡንቻ ይህን ያህል ፈጥኖ የሚሻሻል ከሆነ፣ ሲጋራ ባቆሙ ሰዎች ዘንድ የስኳር በሽታ ለተወሰነ ጊዜ ለምን ይጨምራል? የዚህ ዋና ምክንያት ክብደት ነው። ኒኮቲን የምግብ ፍላጎትን ያፍናል፣ ሰውነት ዕረፍት ላይ ሆኖም የሚያቃጥለውን ጉልበት በጥቂቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ሲቋረጥ የምግብ ጣዕምና ሽታ ይመለሳል፣ ረሃቡ ይበረታል፣ እጅና አፍም ሥራ ፈትተው ጣፋጭ ይፈልጋሉ። በ2012 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ያወጣው የጥናቶች ድምር እንዳመለከተው፣ ያለ መድኃኒት ማጨስ ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራሉ፤ አብዛኛው ጭማሪ የሚመጣውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። በ2018 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የታተመው የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ፣ ካቆሙ ከ2 እስከ 6 ዓመት የሆናቸው ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ማጨስ ከቀጠሉት በ22 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱን፣ ጭማሪው ካቆሙ ከ5 እስከ 7 ባለው ዓመት ጫፍ ላይ ደርሶ ከዚያ ቀስ በቀስ እንደሚወርድ፣ መጠኑም ሰዎቹ በጨመሩት ክብደት ልክ እንደሆነ አሳይቷል። ክብደት ባልጨመሩት ዘንድ ይህ ጊዜያዊ አደጋ ጨርሶ አልታየም።

እንዲህ ያለው ቁጥር ተነጥሎ ሲነገር ለአጫሹ ምክንያት ይሆነዋል፤ «ማቆም ራሱ ስኳር ያመጣል» የሚል ወሬም ከዚህ ሊወለድ ይችላል። ይህ አደገኛ ስሕተት ነው። ያው ጥናት ማጨስ ያቆሙት ሰዎች ከ10 ኪሎ በላይ ቢጨምሩ እንኳ በልብና በደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ማጨስ ከቀጠሉት ሰዎች በእጅጉ ያነሰ መሆኑን አረጋግጧል። የስኳር በሽታ ያለበትን ሰው ይበልጥ የሚያሠጋው ደግሞ ይኸው የልብና የደም ሥር ጉዳት ስለሆነ፣ ማቆምን የሚያህል ጥቅም የሚሰጠው ነገር ጥቂት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2023 በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ ማጨስን ማቆም በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝን አደጋ ከ30 እስከ 40 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል አስታውቀዋል።

በኢትዮጵያ ትንባሆ የሚጠቀመው ሰው ቁጥር ከብዙ አገሮች ዝቅ ያለ ነው፤ በ2016 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ተጠቃሚዎች እንደሆኑ ያሳየ ሲሆን፣ በ2019 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ በሕዝብ መገልገያና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። ይሁን እንጂ ወደ ውጭ የሚወጣው ሰው ከአገሩ ይዞት የሄደው ሰውነት በአዲስ አኗኗር ውስጥ ይገባል። ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የስኳር በሽታ እምብዛም ያልነበረባቸው ሲሆኑ፣ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በኋላ ግን በሽታው በመካከላቸው በስፋት ተገኝቷል፤ ያውም ክብደታቸው ከሌላው ሕዝብ ባነሰበት ሁኔታ። በዴንቨርና በአውሮራ ታክሲ የሚያሽከረክር ወይም የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው፣ ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ የሚውል፣ እንቅልፉ የሚዛባና ብዙ ስኳር ያለበት ማኪያቶ የሚደጋግም ከሆነ፣ ሲጋራውን ባቆመበት ወር የሚመጣበት ጫና ድርብ ነው። ሲጋራን ትቶ ሺሻ ላይ መቀመጥም መፍትሔ አይሆንም፤ በውሃ ውስጥ ቢያልፍም ጭሱ ኒኮቲንም ካርቦን ሞኖክሳይድም አለበት።

ስለዚህ ለማቆም የወሰነ ሰው ከሐኪሙ ጋር ሁለት ጉዳዮችን ባንድነት ቢነጋገር ይመረጣል። የመጀመሪያው መድኃኒት ነው፤ ቫረኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮን ወይም ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ኒኮቲን የማቆምን ዕድል ይጨምራሉ፤ ቡፕሮፒዮንና የኒኮቲን ምትክ ደግሞ በሚወሰዱበት ጊዜ የክብደቱን ጭማሪ በመጠኑ ያዘገያሉ። በአውሮራው ጥናት የተገለጸው የኒኮቲን ጉዳት ለጥቂት ወራት ብቻ የሚለጠፈውን ፕላስተር ሊያስፈራ አይገባም፤ ሲጋራው ራሱ ከዚያ እጅግ የከፋ ነው። ሁለተኛው የደም ስኳር ምርመራ ነው፤ ኤ ዋን ሲ የሚባለው ምርመራ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት አማካይ የደም ስኳር ስለሚያሳይ፣ ከማቆም በፊትና በየዓመቱ ቢደገም ለውጡን በጊዜ ያመለክታል። አስቀድሞ የስኳር በሽታ ያለበት ሰውም በመጀመሪያው ዓመት የኤ ዋን ሲ ቁጥሩ በትንሹ ከፍ ሊል እንደሚችል አውቆ መድኃኒቱን ከሐኪሙ ጋር ማስተካከል አለበት፤ በብሪታንያ በሺዎች በሚቆጠሩ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ይህ ጭማሪ 0.21 በመቶ ያህል እንደሆነና በሦስት ዓመት ውስጥ እንደሚጠፋ አሳይቷል። ከዚህ በተጨማሪ የወገብን ልክ በየወሩ መለካት፣ ከከረሜላ ይልቅ ጥቂት ቆሎ መያዝ፣ የቡናንና የሻይን ስኳር መቀነስ፣ ከምግብ በኋላም በእግር መሄድ በተለይ በእነዚያ የመጀመሪያ ሦስት ወራት ዋጋ አላቸው። የዴንቨሩ ናሽናል ጁዊሽ ሄልዝ ሆስፒታል ለኮሎራዶ ነዋሪዎች የሚያካሂደው ነፃ የስልክ ምክር በ1-800-784-8669 የሚገኝ ሲሆን፣ ደዋዩ ሲጋራ ስለ ማቆም ምክር ሲጠይቅ የክብደቱንና የስኳሩን ጉዳይ አብሮ ማንሣት ይችላል።