መብራት ጠፍቶ ቻርጀሩ ለምን ይበራል?

መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ መብራት ጥፍት ሲል ዲቫይደሩ ላይ የተሰካውን የሞባይል ቻርጀር ልብ ብላችሁ እዩት። በብዙ ቻርጀሮች ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ቤቱ ከጨለመም በኋላ ለአፍታ ትቆይና እየደበዘዘች ትከስማለች። በመስመሩ የሚመጣ ኤሌክትሪክ የለም፤ የሚያበራት ካፓሲተር የተባለው ዕቃ አስቀድሞ ያጠራቀመው ነው። የጥገና ባለሙያዎች ይህን ዕቃ በየቀኑ ይቀይሩታል፣ ተማሪዎች ደግሞ ቀመሩን ለፈተና ይሸመድዱታል። የአንዱ እጅና የሌላው ደብተር ሳይገናኙ መቅረታቸው ይቆጨኛል።

ቻርጀሩ ውስጥ ያለው ካፓሲተር የጣት ጫፍ የምታህል ድቡልቡል ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ሁለት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች፣ በመካከላቸው ፈሳሽ የጠጣ ወረቀት ገብቶ፣ አብረው ተጠቅልለዋል። በአንደኛው ቅጠል ላይ ያለው እጅግ ስስ ሽፋን ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ቻርጁ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው መሻገር ስለማይችል በሁለቱ ላይ ይከማቻል። የዚህ ዕቃ አባት እ.ኤ.አ. በ1745 እና በ1746፣ ጎንደር ላይ ዳግማዊ ኢያሱ ነግሠው ሳለ፣ አውሮፓ ውስጥ የተገኘ የመስታወት ጠርሙስ ነው። የላይደኑ ምሁር ሙሸንብሩክ ጠርሙሱ ያጠራቀመውን ኤሌክትሪክ በገዛ አካሉ ቀምሶ እጅግ ደንግጧል።

ካፓሲተር ብቻውን ሲሆን ጠባዩ አይገለጥም። የሚገለጠው የኤሌክትሪክን ፍሰት ከሚገታው ሬዚስተር ጋር ሲጣመር ነው። ከሮቶ ሥር እስከ ባዶ በርሜል ሥር ጎማ ብትዘረጉ ውኃው መጀመሪያ ይንደቀደቃል፤ የሁለቱ ከፍታ እየተቀራረበ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ እኩል ሲሆኑም ይቆማል። ጎማው ሬዚስተሩ፣ በርሜሉ ካፓሲተሩ ነው። ባዶ ካፓሲተር በመጀመሪያዋ ቅጽበት ከተራ ሽቦ አይለይም፤ ሲሞላ ግን እንደተቆረጠ ሽቦ ይሆናል። ቮልቴጁ በአንድ ጊዜ ዘሎ መውጣትም ሆነ መውረድ አይችልም።

ይህን በዓይን ማየት ቀላል ነው። አራት የራዲዮ ድንጋይ በተከታታይ ሲያያዙ 6 ቮልት ይሰጣሉ። ከተጣለ ቴፕ ላይ የ10 ሺህ ኦም ሬዚስተርና የ1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ፈልጉና ከድንጋዮቹ ጋር በአንድ መስመር አያይዟቸው። በካፓሲተሩ ጎን ላይ የሚታየው የመቀነስ ምልክት ወደ ድንጋዩ ኔጋቲቭ ይዙር። ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱን የካፓሲተር እግሮች በሬዚስተሩ አገናኝታችሁ ባዶ አድርጉት። አሁን ቴስተሩን ካፓሲተሩ ላይ አድርጋችሁ ሰዓት ያዙ። ኦሙን በፋራዱ ስታባዙ 10 ሰከንድ ይመጣል። በ10ኛው ሰከንድ ንባቡ 3.8 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ከሙሉው 63 በመቶ ነው። በ20ኛው 5.2፣ በ30ኛው 5.7 ይሆናል። በየ10 ሰከንዱ ከቀረው ጉድለት 63 በመቶው ይሞላል፤ ስለዚህ በስሌት ጨርሶ አይሞላም። በተግባር ግን ከአምስት ጊዜ በኋላ፣ ማለትም በ50 ሰከንድ፣ ከ99 በመቶ በላይ ስለሚደርስ ሞላ ይባላል። የዚህ ዓይነት ካፓሲተር ከተጻፈበት መጠን 20 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ስለሚችል ንባባችሁ ትንሽ ቢለይ አትደናገጡ።

ለእኔ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው፦ ኦም በፋራድ ሲባዛ ሰከንድ ይወጣል። ሁለት ርካሽ ዕቃዎች ተጣምረው ጊዜ ይለካሉ።

ያረጀ ቴፕ መብራት ላይ ሲሰካ ከዘፈኑ ሥር «እምምም» የሚል ድምፅ የሚያሰማውም ይህ ጊዜ ስለሚያጥር ነው። የመስመራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲታረም 100 ጉብታ ይሆናል። በጉብታዎቹ መካከል ያለውን 10 ሚሊሰከንድ የሚሸፍነው ካፓሲተሩ ነው። ቴፑ የ100 ኦም ያህል ቢጎትትና ካፓሲተሩ 1000 ማይክሮፋራድ ቢሆን፣ የሁለቱ ጊዜ 100 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ቮልቴጁ እምብዛም ሳይወርድ ቀጣዩ ጉብታ ይደርሳል። ካፓሲተሩ ደርቆ ወደ 100 ማይክሮፋራድ ሲወርድ ግን ጊዜው ወደ 10 ሚሊሰከንድ ያጥርና ቮልቴጁ በየጉብታው ይዘቅጣል። ስፒከሩ የሚያጓራው ይህን መዝቀጥ ነው። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር ካያችሁ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ።

የቴሌቪዥንና የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የምትከፍቱ ወጣቶች ሆይ፣ 220 ቮልቱ ሲታረም ትልቁ ካፓሲተር ላይ እስከ 311 ቮልት ይቀመጣል፤ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል። በጠፍጣፋ ካቻቢት አጋጭታችሁ አታፍስሱት፤ ያፈነዳል፣ ዓይንም ያጠፋል። የ10 ሺህ ኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በሽፍን ሽቦ አዘጋጁና ሁለቱን የካፓሲተር እግሮች በእሱ አገናኙ። ለ100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 5 ሰከንድ ይበቃል፤ ለሚበልጥ ደግሞ በዚያው ልክ ጨምሩ። ከዚያ በቴስተር ለክታችሁ ወደ ዜሮ መውረዱን ሳታረጋግጡ እጃችሁን አታስገቡ።