ብርድ የሚበረታው የት ነው? የበረዶ ማዕበል፣ የቤት ግድግዳና የሰው ገላ

ስለ ሙቀት ሕጎች ባስተማርኩ ቁጥር ከተማሪዎቼ አንዱ ሳያነሣው የማይቀር ጥያቄ አለ። «መምህር፣ በረዶ በሚዘንብበት አገር መኖር ይሻላል ወይስ በሞቃት አገር?» የሚል ነው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ሚኒሶታ ወይም ካናዳ የገባ ወንድም፣ አለዚያም ዱባይ ወይም ጅዳ የምትሠራ እኅት ያለው ነው። ጥያቄው ለጨዋታ የተነሣ ይመስላል። ይሁን እንጂ በቂ መልስ የሚገኝለት በፊዚክስ ነው፤ መልሱም ጠያቂው ከሚጠብቀው ራቅ ያለ ነው።

አስቀድሞ ቃላቱን ማጥራት ይገባል። እኛ «ክረምት» የምንለው የዝናቡን ወራት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብርዱ የሚከፋው ግን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ማለትም እኛ በጋ ላይ ሳለን ነው። «በረዶ» የምንለውም ቃል እንደ ጠጠር የሚወርደውን፣ እንደ ጥጥ ብናኝ የሚወርደውንና ረግቶ የጠጠረውን ውኃ ሁሉ በአንድነት ይጠራል፤ ለሁለተኛው «አመዳይ» የሚል የቆየ ቃል ቢኖረንም ብዙ አንሠራበትም። በዚህ ጽሑፍ «የበረዶ ማዕበል» ስል ብናኙ በረዶ ከብርቱ ነፋስ ጋር የሚወርድበትን ሁኔታ ማለቴ ነው። የአሜሪካ የአየር ጠባይ አገልግሎት ከሁሉ ለሚከፋው ዓይነት ማዕበል መለኪያ አለው፤ ነፋሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ የዓይን እይታ ከ400 ሜትር ያነሰ፣ ይህም ቢያንስ ለ3 ሰዓት የዘለቀ መሆን አለበት።

ነገራችንን ከሰው ገላ እንጀምር። አርፎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል፤ ይህም የቀድሞው ባለ ክር አምፖል የሚያወጣውን ያህል ነው። የተመነጨው ሙቀት በዚያው ልክ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ከሚመነጨው የሚወጣው ከበለጠ የውስጥ አካላት የሙቀት መጠን ከ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወርዳል፤ ከ35 በታች ሲሆን አደጋ ነው። የሚወጣው ካነሰ ደግሞ ገላ ይግላል፤ 40 ሲያልፍ ይህም ሌላ አደጋ ነው። ስለዚህ «ብርድ» እና «ሙቀት» ብለን የምንጠራቸው ሁለት ጠላቶች በአንድ የገቢና ወጪ መዝገብ ላይ የሚታዩ ሁለት ጉድለቶች ናቸው።

ጋቢ የሚያሞቀን ጥጡ በራሱ ሙቀት ኖሮት አይደለም። ድርብርብ በሆነው ሸማ መካከል አየር ይያዛል፤ የተያዘና የማይንቀሳቀስ አየር ደግሞ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ጋቢው ሲረጥብ የአየሩን ቦታ ውኃ ይወስደዋል፤ ውኃም ሙቀትን ከአየር ከሃያ እጥፍ በላይ ያስተላልፋል። የመንዝ ሰው በጥጥ ፈንታ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና መልበሱ በዚህ ረገድ ብልህነት ነው፤ ጠጉር እርጥበት ቢነካውም አየር መያዙን ቶሎ አይተውም።

ነፋስ የሚያደርገው ይህንኑ የተያዘ አየር መግፈፍ ነው። በአሜሪካና በካናዳ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት ቀመር መሠረት፣ አየሩ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ካለ፣ የተገለጠ ቆዳ ሙቀት የሚያጣው ነፋስ በሌለበት ከዜሮ በታች 20 ገደማ ቢሆን በሚያጣበት ፍጥነት ነው። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። ነፋስ ዕቃን ከአየሩ በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም። ደረቅ የሆነ የብረት ቧንቧ ነፋስ ቢኖርም ባይኖርም የሚያቆመው ከዜሮ በታች 10 ላይ ነው፤ ነፋሱ የሚያደርገው ቶሎ እንዲደርስ ብቻ ነው።

በረዶ የለመደ ከተማም ቢሆን ከነፋስ ጋር ሲመጣበት ይረታል። በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በኢሪ ሐይቅ ዳር ያለችው ባፋሎ በዓለም ላይ በረዶ ጠንቅቀው ከሚያውቁ ከተሞች አንዷ ናት። ገና ያልረጋው ሐይቅ ሞቅ ያለ እርጥበት ወደ ላይ ይልካል፤ ከሰሜን ምዕራብና ከምዕራብ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ያንን ተቀብሎ ከተማው ላይ በበረዶ መልክ ያራግፈዋል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. (ዲሴምበር 23 ቀን 2022 እ.ኤ.አ.) የጀመረው ማዕበል ግን ከአንድ ቀን ተኩል ገደማ ያላባራ ነፋስ ጋር ነበር። በከተማዋና በዙሪያዋ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። አንዳንዶቹ የሞቱት መንገድ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ወይም ከመኪናቸው ወጥተው በእግር ሲጓዙ ነው፤ ለሌሎች ደግሞ አምቡላንስ ሊደርስላቸው አልቻለም።

በሞቃት አገር መዝገቡ ይገለበጣል። አየሩ 35 ዲግሪ ሲደርስ፣ ማለትም ከቆዳችን ጋር ሲተካከል፣ ሙቀት በንክኪም በነፋስም በጨረራም ሊወጣልን አይችልም፤ የሚቀረን ላብ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ይዞ ይሄዳል። አርፎ የተቀመጠ ሰው የሚያመነጨውን 100 ዋት ለማስወገድ በሰዓት 150 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል መትነን አለበት። ሲሚንቶ የሚሸከም ሰው የዚህ ብዙ እጥፍ ያስፈልገዋል። በአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች አየሩ ደረቅ ሲሆን ላብ ይተናል። በቀይ ባሕርና በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ግን አየሩ ራሱ በውኃ ተን የተሞላ ስለሆነ ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፤ የተንጠባጠበ ላብ ደግሞ ምንም አያቀዘቅዝም። የባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋቸው ወራት በቀትር ከቤት ውጭ መሥራትን በሕግ የከለከሉት ለዚህ ነው። ብርድን ልብስ በመደራረብ መከላከል ይቻላል፤ ሙቀትን ግን ልብስ በማውለቅ መከላከል የሚቻለው ቆዳ እስኪደርሱ ድረስ ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ ላስተዋለ ሰው ቀዝቃዛው አገር የተሻለ ይመስላል። ነገር ግን ሰው ሜዳ ላይ አይኖርም፤ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው።

ለዶክትሬት ትምህርት ስዊድን አገር በነበርኩበት ጊዜ ውጭው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነባቸው ሌሊቶች በስስ ሸሚዝ ተቀምጬ አነብ ነበር። አገሬ ተመልሼ በመጀመሪያው ኅዳር አዲስ አበባ ውስጥ ካልሲ ደርቤ፣ ጋቢ ለብሼ ተኛሁ፤ ያም ሆኖ በረደኝ። ይህ ቅንጦት የለመደ ሰው ማማረር ነው ብሎ ለሚያስብ አንባቢ ቀላል ስሌት አቀርባለሁ።

በግድግዳ በኩል በየሴኮንዱ የሚወጣው ሙቀት ከግድግዳው ስፋት፣ ከውስጥና ከውጭ የሙቀት መጠን ልዩነት እንዲሁም ከግድግዳው አሳላፊነት ብዜት ጋር እኩል ነው። ጥሩ ሆኖ የተሠራ የሰሜን አገር ግድግዳ በአንድ ካሬ ሜትር ለአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚያሳልፈው 0.2 ዋት ገደማ ነው፤ በውስጡ እንደ ጋቢው አየር የያዘ ወፍራም ንብርብር አለው። ባዶ የብሎኬት ግድግዳ ከ2 ዋት በላይ፣ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ከዚያ እጅግ የበለጠ ያሳልፋል። ለሁለቱ አማካይ 3 ዋት እንውሰድ። መስኮትንና የአየር ስርገትን ትተን በሁለቱም ቦታ የክፍሉ ዙሪያና ጣሪያ 60 ካሬ ሜትር ነው እንበል። በስዊድን ውስጡ 20፣ ውጭው ከዜሮ በታች 20 ሲሆን የሚጠፋው 60×0.2×40፣ ማለትም 480 ዋት ነው። በአዲስ አበባ ውስጡን 18 ለማድረግ፣ ውጭው 8 ዲግሪ ሲሆን 60×3×10፣ ማለትም 1,800 ዋት ያስፈልጋል። በረዶ የማታውቀው ከተማ ቤቷን ለማሞቅ ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ትጠይቃለች። ያን ኃይል ስለማንሰጣት እንበርዳለን።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአውሮፓ የተደረጉ ጥናቶች በቀዝቃዛው ወቅት የሚጨምረው የሞት መጠን በፊንላንድ ከሚታየው ይልቅ በፖርቱጋልና በስፔይን የባሰ እንደሆነ አሳይተዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣና ከ13 አገሮች ከ74 ሚሊዮን በላይ ሞቶችን የመረመረ ጥናት ደግሞ 7.3 ከመቶ የሚሆነውን ሞት ከቅዝቃዜ፣ 0.4 ከመቶ የሚሆነውን ከሙቀት ጋር አያይዞታል። ከቅዝቃዜው ድርሻ አብዛኛው የመጣው ከማዕበል ቀናት ሳይሆን ማንም ከማይፈራው መጠነኛ ብርድ ነው።

ሞቃት አገር በአንድ ሌሊት ቀዝቃዛ ሲሆን ምን እንደሚከተል ቴክሳስ በየካቲት 2013 ዓ.ም. (ፌብሩዋሪ 2021 እ.ኤ.አ.) አሳየች። በዳላስ የሙቀት መጠኑ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ደረሰ። ለሚኒሶታ ሰው ይህ የተለመደ ሌሊት ነው። በቴክሳስ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤት የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ፍላጎቱ በአንድ ጊዜ ተተኮሰ። በዚያው ሰዓት የጋዝ ጉድጓዶችና መስመሮች ረጉ፤ ለብርድ ያልተዘጋጁ ማመንጫዎች፣ የነፋስ ተርባይኖች ጭምር፣ ቆሙ፤ ከሁሉ የበዛው ጉድለት ከጋዝ ማመንጫዎቹ ነበር። መብራት ሲቆረጥ ጋዝ የሚገፉት ኤሌክትሪክ ነክ መሣሪያዎች ቆሙ፤ እነርሱ ሲቆሙ ደግሞ ማመንጫዎች ጋዝ አጡ።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው የየካቲት 8 ሌሊት ነው። በአንድ መረብ ላይ ያሉ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ሁሉ እንደ አንድ መዘውር አብረው ይሽከረከራሉ፤ በአሜሪካ በሴኮንድ 60 ዙር፣ በእኛ አገር 50 ዙር። ፍላጎት ከአቅርቦት ሲበልጥ ጉድለቱ የሚሸፈነው ከመዘውሩ ሽክርክሪት ስለሆነ ፍጥነቱ ይወርዳል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ የቴክሳስ መረብ ወደ 59.3 ሄርዝ ወረደ። ከ59.4 በታች 9 ደቂቃ ቢቆይ ብዙ ማመንጫዎች ራሳቸውን ለማዳን ይቋረጡ ነበር፤ መረቡም በሙሉ ይወድቅ ነበር። የቆየው 4 ደቂቃ ከ23 ሴኮንድ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ከመረቡ እስከ 20,000 ሜጋዋት የሚደርስ ፍላጎት በመቁረጥ አተረፉት፤ ይህ የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ሙሉ አቅም አራት እጥፍ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች ጨለማ ውስጥ ገቡ። የቴክሳስ መረብ ከጎረቤቶቹ ጋር ያለው ግንኙነት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ከውጭ ሊበደር የቻለው ጥቂት ነበር። በዚያው ክፍለ ግዛት ያለችው ኤል ፓሶ፣ ብርዱ ላላ ያለላት ቢሆንም፣ ከሌላ መረብ ጋር የተያያዘችና ከ2011ዱ እ.ኤ.አ. ውርጭ በኋላ ማመንጫዎቿን ለብርድ ያዘጋጀች ስለነበረች ብዙም አልተጎዳችም። በ2011 የተሰጠው ምክር ለሁሉም ነበር፤ የሚያስገድድ ግን አልነበረም።

ቤቱ ሲቀዘቅዝ ቧንቧው ይከተላል። ውኃ ሲረጋ መጠኑ 9 ከመቶ ያህል ይጨምራል። ቧንቧ የሚፈነዳው ግን ብዙውን ጊዜ በረዶው ባለበት ቦታ አይደለም፤ የረጋው ውኃ እንደ ቡሽ ሆኖ በራሱና በተዘጋው ማስተንፈሻ መካከል ያለውን ያልረጋ ውኃ ሲጨምቀው ነው። በብርድ ሌሊት ቧንቧ በጥቂቱ እንዲንጠባጠብ ክፍት ይተው የሚባለው ግፊቱ መውጫ እንዲያገኝ ነው። በሰሜን አገሮች የውኃ መስመር ብርዱ ከሚደርስበት ጥልቀት በታች ይቀበራል፤ በቴክሳስ በብዙ ቤቶች ጣሪያ ሥር ያልፍ ነበር።

የክፍለ ግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት ከዚህ ማዕበል ጋር የተያያዙ 246 ሞቶችን መዝግቧል። አብዛኞቹ በብርድ የሞቱ ናቸው። 19ኙ ግን የሞቱት ለመሞቅ ሲሉ በካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ፣ ጄኔሬተር ያስነሡ፣ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ሞተር ያስነሡ ሰዎች ነበሩ። በሂዩስተን በዚህ ጋዝ ሕይወታቸው ካለፈ ሰዎች መካከል ከኢትዮጵያ የሄዱም ይገኙባቸዋል።

ይህ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል የሚያስገባ ቤተሰብ በየሰፈሩ አለ። «ጭሱ ካለቀና ከሰሉ ከቀላ ችግር የለውም» የሚለው እምነት ስሕተት ነው። ጭስ የሚታይ ብናኝ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም። ደምቆ የቀላ ከሰል አየር ባነሰው መጠን ይህን ጋዝ አብዝቶ ያወጣል። ክብደቱ ከአየር ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ከፍ ብሎም ሆነ ዝቅ ብሎ መተኛት አያድንም። በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ይህን ጋዝ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ንጹሕ አየር ላይ የወጣ ሰው እንኳ ግማሹን ለማስወገድ 4 ወይም 5 ሰዓት ይፈጅበታል። በአንድ ክፍል ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከተሰማቸው ጉንፋን ነው ብለው መተኛት የለባቸውም፤ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣትና ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለባቸው።

የምድጃው ችግር ከላይ ባየነው ስሌት ውስጥ አለ። የብሎኬቱ ቤት ሙቀት ስለማይዝ ሰዎች የበሩንና የመስኮቱን ቀዳዳ ይደፍናሉ፤ ቀዳዳው ሲደፈን ጋዙም መውጫ ያጣል። ኮርኒስ ማድረግ፣ ወፍራም መጋረጃ መስቀልና ከአልጋው በታች ምንጣፍ ማንጠፍ የሙቀቱን መውጫ ያጠባሉ፤ ጋዝ ግን አይጨምሩም። በጎማ ከረጢት የተሞላ 2 ሊትር ባለ 70 ዲግሪ ውኃ ብርድ ልብስ ሥር ቢገባ ወደ 35 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ 290,000 ጁል ያህል ይሰጣል። ይህ በ6 ሰዓት ሲካፈል 14 ዋት ገደማ ይሆናል፤ ከተኛው ሰው ገላ በሚመነጨው ላይ አንድ ሰባተኛ ያህል ጭማሪ ማለት ነው።