ዘንዶም እንቁላሏን ትታቀፋለች

እኛ ሰፈር፣ ቀራንዮ፣ ያደገ ሰው ዶሮ ስትታቀፍ ሳያይ አላደገም። ግቢው ጥግ ጭድ የተጎዘጎዘበት ካርቶን ውስጥ ትገባና ከዚያ ወዲያ ሌላ ዶሮ ትሆናለች። እጅ ሲጠጋት ላባዋን ነፍታ ታጉረመርማለች፤ ከደፈሯትም በመንቁሯ ትነክሳለች። በቀን አንዴ ብድግ ብላ እህል ለቃቅማ፣ ውኃ ጠጥታ፣ በሩጫ ወደ እንቁላሏ ትመለሳለች። 21ኛው ቀን ላይ ከሥሯ ጫጩት ይሰማል። ይህን የምታውቁ ወዳጆቼ የምነግራችሁን ነገር ግማሹን ታውቁታላችሁ። ሌላው ግማሽ ይኸውና፦ ዘንዶም ትታቀፋለች።

አብዛኛው እንቁላል ጣይ እባብ ሥራው ከመጣል አያልፍም። ሞቅ ያለ ጉድጓድ ወይም የበሰበሰ ቅጠል ፈልጎ ይጥልና መንገዱን ይቀጥላል። የዘንዶ ወገን ግን እንዲህ አይደለም። እናቲቱ እንቁላሎቿን ሰብስባ በላያቸው ትጠቀለላለች፤ ዙር በዙር ላይ እየደረበች ከውጭ አንድም እንቁላል እስከማይታይ ድረስ ትሸፍናቸዋለች፤ ጭንቅላቷን ደግሞ ከሁሉም በላይ ታሳርፋለች። እንቁላሎቹ ለስላሳ፣ ቆዳ መሰል ቅርፊት ያላቸው ሲሆኑ ከተጣሉ ብዙም ሳይቆዩ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አንድ ክምር ይሆናሉ። እሷም እንደ ዘሯ ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ እንዲሁ ትቆያለች፣ ያለ ምግብ።

ይህን የአውሮፓ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ አላመኑም ነበር። ላማር ፒኮ የተባለ ፈረንሳዊ ተጓዥ ሕንድ ውስጥ የሰማውንና ያየውን ይዞ ፓሪስ ገባና፣ በፈረንጆቹ 1832 ዘንዶ እንቁላሏን ታቅፋ እንደምታሞቅ ለሳይንስ አካዳሚው ተናገረ። የሰማው አልነበረም። የራሱ ሙቀት የሌለው፣ ፀሐይ ካልመታው የማይንቀሳቀስ ፍጥረት እንዴት ሌላ ያሞቃል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። መልሱ የመጣው በ1841 ነው። እዚያው ፓሪስ፣ የዕፅዋት ቦታው መካነ እንስሳት ውስጥ አንዲት የእስያ ዘንዶ እንቁላል ጣለችና ታቀፈች። ቫላንሲየን የተባለው ተመራማሪ በጥቅልሏ መካከል ቴርሞሜትር ሲያስገባ ከአካባቢው አየር ይልቅ እሷ የምትሞቅ ሆና አገኛት።

ከየት አመጣችው? ይህ ደግሞ ተጨማሪ 125 ዓመት ፈጀ። በ1966 ሃቺሰን፣ ዳውሊንግና ቪንጋር የተባሉ ተመራማሪዎች ኒው ዮርክ መካነ እንስሳት ውስጥ የታቀፈች ዘንዶ ያለችበትን ክፍል ቀስ በቀስ አቀዘቀዙት። ሙቀቱ ከ33 ዲግሪ በታች ሲወርድ የዘንዶዋ ጡንቻ ስቅ እንዳላት ዓይነት መኮማተር ጀመረ። ክፍሉ በቀዘቀዘ ቁጥር መኮማተሩ ይፈጥናል፣ የምትስበውም ኦክሲጅን ይጨምራል፤ በዚህም ገላዋ ከክፍሉ አየር በ5 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይቆያል። እኛ ሲበርደን የምንንቀጠቀጠው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ጡንቻ ሲሠራ ሙቀት ይወጣል። ልዩነቱ እሷ የምትንቀጠቀጠው ለልጆቿ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ ሁሉም ዘንዶ አይንቀጠቀጥም። በፈረንጅ አገር በየቤቱ የምትረባው ትንሿ የምዕራብ አፍሪካ ዘንዶ፣ ስትፈራ ድቡልቡል ስለምትል ኳስ ዘንዶ የሚሏት፣ የረባ ሙቀት አታመነጭም። ታዲያ ለምን ትታቀፋለች? ለውኃው ነው። የዘንዶ እንቁላል ቅርፊት እርጥበት ያሳልፋል፤ ደረቅ አየር ካገኘው ይጨማደድና ሽሉ ይሞታል። የእናቲቱ ጥቅልል እርጥበቱን ያፍንለታል። ይሁን እንጂ አጥብቃ ብቻ ብትይዘው ደግሞ ሽሉ አየር ያጥረዋል። አሪዞና ውስጥ አንዲት የአውስትራሊያ ትንሽ የዘንዶ ዝርያ ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንዳሳዩት እናቲቱ በየጊዜው ጥቅልሏን ላላ አድርጋ ንጹሕ አየር ታስገባለች፤ ከዚያ መልሳ ትዘጋለች። አየር ስታስገባ እርጥበት ይወጣል፣ እርጥበት ስትይዝ አየር ይቀንሳል፤ እሷም ሁለቱን እያመዛዘነች ወራቱን ትገፋለች። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው።

የኳስ ዘንዶ አርቢዎች ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ሥራ አይተዉላትም። በጣለችበት ቀን እንቁላሉን ወስደው 31 ወይም 32 ዲግሪ የተስተካከለ መፈልፈያ ማሽን ውስጥ ያስገቡታል፤ እሷን ደግሞ የእንቁላሉ ሽታ እንዲለቃት ያጥቧታል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ ያልታቀፈች እናት ቶሎ ምግብ ትጀምራለች፣ ቶሎ ትወፍራለች፣ ለከርሞም ትጥላለች። ለገበያ የሚያረባ ሰው ይህን ቢመርጥ አይገርምም። ለፍቅር የሚያረባ ሰው ግን ቢያንስ አንዴ ለእናቲቱ መተው አለበት ባይ ነኝ። ቅድመ ሁኔታው ብዙ አይደለም። ከመጣሏ በፊት በደንብ የወፈረች ትሁን፤ ክፍሉ ሌትም ቀንም ወደ 31 ዲግሪ ይጠጋ፤ የምትታቀፍበት ሣጥን ውስጥ እርጥብ ሣር ይኑር፤ ውኃ አጠገቧ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ እጅን መሰብሰብ ነው። ጥቅልሏ አንዳንዴ ላላ ቢል ከላይ ያልኩትን ሥራ እየሠራች ነውና አትደንግጡ።

ዶሮ ያስታቀፈ ሰው አንድ ነገር ሊሳሳት ይችላል። ዶሮዋ እንቁላሎቿን በቀን ብዙ ጊዜ ታገላብጣለች፤ ካላገላበጠች ሽሉ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል። የዘንዶ እንቁላል ተቃራኒው ነው። እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ ሽሉ በላይኛው በኩል ይያያዝና እዚያው ያድጋል፤ ከዚያ በኋላ የተገለበጠ እንቁላል ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ማሽን የሚጠቀሙት እንኳ ሲያነሱት አናቱ ላይ በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ።

ቀራንዮ ላይስ ይሆናል ወይ ለምትሉኝ፣ መልሴ አይሆንም ነው። ሰፈራችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል፤ በኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የምትንቀጠቀጠዋ ዘንዶ እንኳ እዚህ ብርድ ውስጥ ስቧን ጨርሳ እንቁላሎቿን ታጣለች። በዚያ ላይ ሕግ አለ፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጁ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። የአገራችን ዘንዶ ቦታዋ ጋምቤላ፣ የኦሞ ሸለቆና የአዋሽ ዳርቻ ነው። ደገኛው ከሷ ጋር የሚተዋወቀው ባብዛኛው በሥዕል ነው፤ ጥቅምት 14 በሚከበሩት በአቡነ አረጋዊ ሥዕል ላይ ጻድቁን ወደ ደብረ ዳሞ አምባ የምታወጣቸው እሷ ናት።

የዚችው ዘንዶ የቅርብ ዘመድ የሆነችው የደቡብ አፍሪካዋ ዘንዶ ደግሞ የራሷ ብልሃት አላት። ግሬአም አሌክሳንደር የተባሉ ደቡብ አፍሪካዊ ተመራማሪ ዘንዶዎቹ ገላ ውስጥ የሬዲዮ ምልክት ማሰራጫ አስገብተው፣ ጉድጓዳቸው ውስጥ ካሜራ አስቀምጠው ለዓመታት ከተከታተሉ በኋላ ውጤቱን በ2018 አሳተሙ። እናቲቱ የምትጥለው አዋልድጌሳ ቆፍሮ በተወው ጉድጓድ ውስጥ ነው። አትንቀጠቀጥም። ይልቁንም ቀን ቀን ወደ ጉድጓዱ አፍ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ገላዋ 40 ዲግሪ እስኪደርስ፣ ለሌላ እባብ ሞት ሊሆን እስከሚችል ድረስ። ከዚያ ተመልሳ ገብታ ያጠራቀመችውን ሙቀት ለእንቁላሎቿ ትሰጣለች። በዚያ ወራት ቆዳዋም ይጠቁራል፤ ጥቁር ገላ ፀሐይን ቶሎ ይስባልና።

ከተፈለፈሉ በኋላም አትሄድም። ልጆቹ ቀን ጉድጓዱ አፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ይውሉና ሌሊት ተመልሰው በጥቅልሏ መካከል ያድራሉ፤ ይህም ለሁለት ሳምንት ገደማ ይቀጥላል። የሆዳቸውን አስኳል እየፈጩ ስለሆነ ሙቀቱ ያስፈልጋቸዋል። እሷ በዚህ ሁሉ ጊዜ፣ ከእርግዝናው ጀምሮ ከ6 ወር በላይ፣ ምንም አትበላም፤ ክብደቷ በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ያንን ሥጋ መልሳ እስክታበጅ ድረስ ለከርሞ አትጥልም፤ የምትጥለው በ2 ወይም በ3 ዓመት አንዴ ነው።