ስደትና የወር አበባ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ተኩስ ሲከፈት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተምዕራብ የሚገኘው የዐማራት ሠፈር በእሳት መካከል ወደቀ። (ስሙ ለእኛ ጆሮ ሌላ ይመስላል እንጂ በዐረብኛ «ሕንፃዎች» ማለት ነው።) በዚያች ከተማ በሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያት ብዙዎቹ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ገብተዋል።

እንዲህ ባለው መከራ ያለፈች ሴት የወር አበባዋ ሁለትና ሦስት ወር ሊቀርባት ይችላል። ጎረቤት ይህን ሲሰማ «አርግዛለች» ይላል፤ ርቆ የሰነበተ ባልም ወሬው ሲደርሰው ይጠራጠራል። ትዳር በዚህ ሳቢያ ከመፍረሱ በፊት የሰውነትን አሠራር ማወቅ ይበጃል።

ነገሩ የሚጀምረው ከማሕፀን ሳይሆን ከአንጎል ነው። ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል በየሰዓቱ ወይም በየሰዓት ተኩሉ ገደማ ለፒቱታሪ እጢ ትእዛዝ ይልካል። እጢውም በደም አማካይነት ሁለት ሆርሞኖችን ወደ እንቁላል ማፍሪያው ይሰድዳል። ደም ከታየበት ቀን አንሥቶ እስከ 14ኛው ቀን ገደማ እንቁላሏ ስትበስል፣ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍራል። ከዚያ እንቁላሏ ትለቀቃለች። ባዶ የቀረው ከረጢት ደግሞ ፕሮጄስትሮን እያመነጨ ማሕፀኑን ለፅንስ ያሰናዳል። ፅንስ ካልተገኘ ከረጢቱ በሁለት ሳምንት ገደማ ይከስማል፤ ሆርሞኑ ሲወርድም ሽፋኑ ፈርሶ በደም መልክ ይወጣል። 28 ቀን የሚባለው አማካዩ ነው፤ ከ21 እስከ 35 ቀን ቢሆን አያሠጋም።

የኋለኛው ሁለት ሳምንት ብዙም አይለዋወጥም፤ የሚረዝመው የፊተኛው ነው። ረኀብ፣ ድካምና ፍርሃት ሲበረቱ አንጎል ትእዛዙን ያዘገያል፤ አንዳንዴም ከናካቴው ያቆመዋል። ለራሱ ስንቅ ያጠረው ሰውነት ለፅንስ አይሰናዳምና። እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1944 በተከበበችው ሌኒንግራድ የነበሩ ሐኪሞች ይህንኑ ታዝበዋል፤ የብዙ ሴቶች የወር አበባ ተቋርጦ፣ በ1942 የወሊድ ቁጥር እጅግ አሽቆልቁሎ ነበር።

እርግጥ እርግዝናም የወር አበባን ያስቀራል። ሁለቱን የሚለየው ግን የሽንት ምርመራ እንጂ የጎረቤት ግምት አይደለም። እርግዝና ሳይኖር ሦስት ወር ካለፈ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ይገባል፤ የታይሮይድ እጢ ሕመምም እንዲህ ያደርጋልና። መነሻው ረኀብና ጭንቀት ከሆነ፣ ምግብና ዕረፍት ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ይሁንና እንቁላል የምትለቀቀው ደም ከመታየቱ ሁለት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ስለሆነ፣ የወር አበባዋ ገና ያልተመለሰላት ሴትም ልታረግዝ ትችላለች።