የደከመ መሪና የኤልያስ እንጎቻ

በቤተ ክርስቲያን ወጣቶችን ስመራ ድካምን የእምነት ማነስ አድርጌ እቆጥር ነበር። ሌሊት ጸሎት፣ ቀን ስብሰባ ስል ከረምኩና አንድ ቀን ምክር ፈልጋ የመጣችን እህት ተቆጥቼ መለስኳት። በራሴ ደነገጥኩ።

መልሱን ያገኘሁት በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ነው። ነቢዩ ኤልያስ ከቀርሜሎስ ድል በኋላ ኤልዛቤልን ሸሽቶ ክትክታ ዛፍ ሥር ሞቱን ለመነ። መልአኩ አልገሠጸውም፤ ለደከመ ሥጋው እንጎቻና ውኃ አቀረበለት። በዚያ ብርታት 40 ቀንና ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ሲደርስ መንፈሱ የእግዚአብሔርን ዝግ ያለ ድምፅ ሰማ። ብቻውን የቀረ ለመሰለው አእምሮውም ለበኣል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፤ ኤልሳዕን ተተኪው አድርጎ እንዲቀባም ታዘዘ።

አንዱ ለሌላው ምትክ አይሆንም፤ የእንቅልፍ ዕዳ በጸሎት ብዛት አይከፈልም። ዛሬ መተኛትን ከአገልግሎቴ እቆጥራለሁ። ያቺንም እህት ይቅርታ ጠይቄያለሁ።