የዜሮ ልደት ያላቸው አዛውንቶቻችንና የኮምፒውተር ወንፊት

ልጅዎ ወይም የልጅ ልጅዎ ፕሮግራሚንግ የሚማር ከሆነ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚያጋጥሙት ትእዛዞች አንዱ «ፊልተር» ነው። ስሙ ባዕድ ይሁን እንጂ ሥራው ለእናቶቻችን አዲስ አይደለም፤ ወንፊት ማለት ነው። ዱቄቱ ያልፋል፣ ግርዱ ይቀራል። ልዩነቱ፣ የኮምፒውተሩ ወንፊት ቀዳዳ በጥያቄ የተሠራ መሆኑ ነው።

የኢንተርኔት ገጾች በብዛት የሚሠሩበትን ጃቫስክሪፕትን እንውሰድ። የስም ወይም የዋጋ ዝርዝር በዚህ ቋንቋ አሬይ ይባላል። ፊልተር ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች እያየ እያንዳንዱን ለአንዲት አጭር ፈንክሽን ያቀርብላታል። የፈንክሽኗ ሥራ መፈተን ብቻ ነው፦ «ይህ ሰው 67 ዓመት ሞልቶታል?» አዎ ካለች ሰውየው ወደ አዲስ ዝርዝር ይገባል፤ አይደለም ካለች ይታለፋል። የመጀመሪያው ዝርዝር እንዳለ ይቀመጣል። ፈተናውን ያለፈ ሰው ከሌለም ባዶ ዝርዝር ይመጣል እንጂ «ስህተት አለ» የሚል የለም። ትእዛዙ በቋንቋው መደበኛ ደንብ ውስጥ የገባው በ2009 ሲሆን፣ ዛሬ ፕሮግራመሮች በየቀኑ ይጠቀሙበታል።

ታዲያ ይህ ነገር ለእኛ ቤት ምን ያደርጋል?

ከአዛውንቶቻችን ብዙዎቹ የልደት ወረቀት በሌለበት መንደር ነው የተወለዱት። እዚህ ሲመጡ ዓመቱ ብቻ ተመዝግቦ፣ ቀኑና ወሩ በመታወቂያቸው፣ በተዑዳት ዘሁት ላይ፣ 00 ሆኖ የቀረ አሉ። ጸሐፊ ሰው ይህን ሲያይ «ቀኑ አይታወቅም» ብሎ ያልፈዋል። ለኮምፒውተር ግን ዜሮ ወር የሚባል ነገር የለም። ጃቫስክሪፕት እንዲህ ያለውን ቀን እንደ ቀን እንዲያነብ ሲታዘዝ «ዋጋ የሌለው ቀን» ይለዋል። ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው። በዚህ ቀን የተወለዱት እናት ከ67 ዓመት በላይ ናቸው ወይ ሲባል መልሱ አይደለም ነው። ከ67 በታች ናቸው ወይ? አሁንም አይደለም! አሮጊትም ወጣትም ያልሆኑ ሰው ሆነው አረፉት።

እንበልና አንድ ፕሮግራመር ለአዛውንቶች ቅናሽ የሚገባቸውን 200 ሰዎች ሊለይ ፊልተር ጻፈ። በ1941 የተወለዱት እናት ይወድቃሉ። የእምቢታ ደብዳቤ አይደርሳቸውም፣ ማንም ክፉ አላሰበባቸውም፤ ስማቸው ብቻ የለም። ያልተጠራ ሰው ደግሞ እንዳልተጠራ በምን ያውቃል?

የዜሮ ነገር በዚህ አያበቃም። በጃቫስክሪፕት ፈተና ውስጥ ዜሮ ራሱ እንደ «አይደለም» ይቆጠራል። «የሥራ ልምድ ስንት ዓመት?» ለሚለው በቅንነት 0 ብሎ የሞላ ወጣት፣ በግዴለሽ ፊልተር ውስጥ ምንም ሳይሞላ ካለፈው ሰው ጋር አብሮ ይጣላል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ፈተናውን በተቃራኒውም መጻፍ ነው፦ 150 ከ67 በላይ፣ 30 ከ67 በታች ከመጡና ዝርዝሩ 200 ከነበረ፣ ሃያ ሰው መሐል ላይ ወድቋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ዝርዝር ስላልተነካ እነማን እንደሆኑ ማየት ይቻላል። ቀናቸው ያልታወቀውን አስቀድሞ ለብቻ አውጥቶ ዓመቱን ብቻ ማስላት፣ የቀረውን ደግሞ ሰው በዓይኑ እንዲያየው መስጠት ነው። ይህን አስተማሪ ባያነሳው እንኳ፣ የአያቱን መታወቂያ ይዞ ቢሮ ለቢሮ የዞረ ልጅ ሊያስበው ይችላል። ልጆቻችን ሀይ-ቴክ ይግቡ ስንል ደመወዙን ብቻ አናስብ።

እስከዚያው፣ የሚገባቸው ነገር ሳይደርሳቸው የቀረ አዛውንት በቤትዎ ካሉ፣ መስኮቱ ላይ «ይገባቸዋል ወይ?» ብለው ብቻ አይመለሱ። «የልደት ቀናቸው ኮምፒውተራችሁ ላይ እንዴት ነው የተጻፈው?» ብለው ይጠይቁ፤ መታወቂያውንም ይዘው ይሂዱ።