ለገጣፎ ላይ ገበያው የሚቆመው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው

በውስጥ መስመር በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ «ይህን ያህል ብር አለኝ፣ ምን ሥራ ብጀምር ያዋጣኛል?» የሚል ነው። ያዋጣል አያዋጣም ብዬ በድፍረት የምናገርለት ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ እንጀራ። ለገጣፎ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ እየጋገርን እንሸጣለን። ስለዚህ ጠያቂዎቼን መልሼ እጠይቃለሁ፦ ልትሸጡለት ያሰባችሁት ሰው ቤቱ የሚገባው ስንት ሰዓት ነው? አንዳንዱ የቀለድኩበት ይመስለዋል።

የለገጣፎ ሰው ውሎው አዲስ አበባ ነው። አስተዳደሩ ኦሮሚያ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታና ከሌሎች አጎራባቾች ጋር ተጠቃሎ ሸገር ከተማ ውስጥ ገብቷል። ደሞዙ የሚገኘው ግን መገናኛ፣ ቦሌና መርካቶ ነው። በ2008 መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር አያት ላይ ስለሚያበቃ እኛ ጋ አይደርስም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፉን ማየት ነው። ረፋዱ ላይ ሰፈር የሚቀሩት ሕፃናት፣ አዛውንቶች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ጥበቃዎችና ግንባታ ላይ የሚውሉ ልጆች ናቸው። ከ11 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ደክሞትና ርቦት ባንድ ጊዜ ይገባል።

እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ከፍተው ማታ 12 ሰዓት የሚቆልፉ ሱቆች አሉ። «ገበያ ጠፋ» ይላሉ። ገበያውማ እነሱ ቆልፈው ሲሄዱ ነው በደጃቸው የሚያልፈው።

ሰዓቱ ከታወቀ ሥራው ሁሉ ከዚያ ወደ ኋላ ይቆጠራል። እንጀራው ለ11 ሰዓት እንዲደርስ እኛ ጋ ምጣድ የሚጣደው 7 ሰዓት ላይ ነው። «9 ሰዓት ቢሆን የበለጠ ትኩስ ይሆን ነበር» የሚሉኝ አሉ። አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። አመሻሹ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ምጣድና ምድጃ ሲሰካ ኃይሉ ይወርዳል፣ ምጣዱ ይሰንፋል፣ የእንጀራው ዓይን ይጠፋል። ሊጡ ደግሞ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ መቦካት አለበት፤ አገሩ ደጋ ስለሆነ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ አንድ ቀን እንጨምርለታለን። እንግዲህ ዓርብ ማታ የሚሸጠው እንጀራ ብዛት የሚወሰነው ማክሰኞ ነው ማለት ነው። ዓርብ ደሞዝ የሚወጣበት ነው ወይስ ወር ሊያልቅ ሲል? ማግስቱ በዓል ከሆነ ሰው ዘመድ ጋ ሄዶ ይበላል። ጥር ከሆነ ሰርግ አለ። ይህን ማክሰኞ ላይ ተቀምጦ መገመት ከመጋገሩ ይከብዳል፤ ስህተቱም ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ይተርፋል፣ ወይ ደንበኛ ባዶ እጁን ይመለሳል። እኔ የሚያልቀውን እመርጣለሁ። ያለቀበት ሰው ነገ ቀደም ብሎ ይመጣል፤ የደረቀ የወሰደ ግን አይመለስም።

አሁን ስለ ማስታወቂያ። ለገጣፎ እንደ ካንትሪ ክለብና ሮፓክ ያሉ አጥርና ጥበቃ ያላቸው መንደሮች አሉ። ገንዘቡ እዚያ ነው እየተባለ ሻጩ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ወረቀት ያድላል። እንጀራ የሚመርጡት ግን መኪና ውስጥ ያሉት አይደሉም፤ የምትመርጠው ሠራተኛቸው ናት። መጥታ የምትገዛው እሷ፣ ሌማት ላይ የምትዘረጋው እሷ፣ ቢበላሽ የምትወቀሰውም እሷ። ስለዚህ እሷን የሚመቻት ነገር ነው የኔ ማስታወቂያ፦ ዝርዝር ብር አዘጋጅቼ እጠብቃታለሁ፣ ሰልፍ አላስቆማትም፣ የእንጀራው ስፋት ከሌማቷ እንዳይተርፍ ልኩን አልለውጥም።

አንዷ አንድ ቀን ፊቷን ከስክሳ መጣች።

«እትዬ፣ የትናንቱ እርስ በርሱ ተጣብቆ እመቤቴ ተቆጡኝ።»

«ስንት ሰዓት ነበር የወሰድሽው የኔ እህት?»

«ከምጣድ እንደወጣ ነዋ። ትኩስ ስጡኝ ብዬ።»

«በምን ይዘሽው ሄድሽ?»

«በፌስታል።»

ነገሩ ያው ነው። ትኩስ እንጀራ ተደራርቦ ፌስታል ውስጥ ሲገባ ያልበዋል፤ ያላበው ደግሞ ይጣበቃል። ደንበኛ አፉ የሚለው «ትኩስ» ነው፤ የሚፈልገው ግን ማታ መሶብ ሲከፈት ሳይቀደድ የሚላቀቅ እንጀራ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰፌድ ላይ ሳይበርድ የሚነባበር እንጀራ የለንም፤ ቢለምኑንም አንሰጥም። መጀመሪያ የተቆጡ ነበሩ፤ አሁን ራሳቸው «በረደልኝ?» ብለው ይጠይቃሉ። በ2017 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ፌስታል ከተከለከለ በኋላ ጨርቅና ሰፌድ ይዘው የሚመጡት በዝተዋል፤ ሌላው ነጋዴ ሲማረር ለእንጀራ ግን በጀው።

ቲክቶክም ሞክረናል። የሚጋገርበት ቪዲዮ ብዙ ሰው አየው። ከጀርመን ሳይቀር «እንዴት ያምራል፣ አገሬ ናፈቀኝ» የሚል አስተያየት ጎረፈ። እንጀራ የገዛ ግን ከመካከላቸው የለም። በአንጻሩ የአንድ ግቢ ነዋሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንዲት እናት የጻፉት «እዚህ ጋ ጥሩ እንጀራ አለ» የሚል አንድ መስመር እስከ ዛሬ ሰው ያመጣልናል። ለእንጀራ ዓይነት ሸቀጥ የሚሄድበት ርቀት በእግር የሚለካ ነው፤ አገር ሁሉ ቢያውቃችሁ ምን ይጠቅማል?

እንጀራ ሲሸጥ ሌላው ፈተና ጥርጣሬ ነው። ጄሶ ይቀላቀላል የሚለው ወሬ ከተነሳ ወዲህ የሰው ሁሉ ዓይን ተከፍቷል፤ አይፈረድበትም። እኛ ሁለት ዓይነት አለን። አንዱ ንጹህ ጤፍ፣ ሌላው ከሩዝ ጋር ድብልቅ። ድብልቁ ድብልቅ መሆኑ ተጽፎ ተለጥፏል፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ማጀታችንም ከመንገድ ይታያል፤ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ሊጡ ሲቀዳ፣ ምጣዱ በጎመን ዘር ሲታሽ ያያል። ድብልቅ መሆኑን መጻፋችን ገዢ ያሸሻል ብለው የመከሩኝ ነበሩ፤ የሆነው ተቃራኒው ነው። ድብልቁን ድብልቅ ያለ ሰው ንጹህ ሲል ይታመናል።

ይህ ነገር በ2015 ዓ.ም. በጣም ጠቀመን። በዚያ ዓመት መጋቢት አካባቢ አዲስ አበባ ላይ የጤፍ ዋጋ በኩንታል 10 ሺህ ብር ገባ። የእንጀራ ነጋዴው ዘዴ ያኔ አንድ ነበር፦ ዋጋውን እንዳለ ትቶ እንጀራውን ማሳነስና ማሳሳት። እኔ ይህን ከዋጋ ጭማሪ የባሰ ነው እላለሁ። ዋጋ ሲጨምር ሰው መንግሥትን፣ ደላላውን፣ ዘመኑን ይረግማል፤ እንጀራው ሲያንስ የሚረግመው እናንተን ነው። ያነሰውን ለማወቅ ደግሞ ሜትር አያስፈልገውም፣ ሌማቱ ይነግረዋል። እኛ ልኩን ሳንነካ ቀድመን አሳውቀን ጨመርን፤ ያልቻለ ወደ ድብልቁ ዞረ፣ ከኛ ግን አልወጣም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነውና። ጀማሪ ሁሉ የሚመኘው ትልቅ ደንበኛ ነው፤ ሆቴል፣ ካምፕ፣ የድርጅት ካፌ። እስቲ እናስላው። በቀን 200 እንጀራ፣ አንዱ በ25 ብር ሂሳብ፣ 5 ሺህ ብር ነው። ክፍያው በወር ከሆነ 150 ሺህ ብራችሁ በሰው ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ጤፉን የሸጠላችሁ ግን ወር አይጠብቅም፤ ወፍጮ ቤቱም፣ ጋጋሪዎቹም እንዲሁ። ያውም ወር ሲሞላ «ፊርማ ቀርቷል» ከተባለ ሁለተኛውን ወር በብድር ነው የምትጋግሩት። እኔም ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት እንዲህ አድርጎኛል። በዚህ መሃል ዋጋ ከተለወጠ ደግሞ ትርፉ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ወር ሳይሞላው 100 ብር አለፈ፤ ጤፍ ከውጭ አይመጣም፣ የምጣድ ሽቦ ግን ይመጣል። መብራቱም ከ2017 መስከረም ጀምሮ በየሦስት ወሩ ታሪፉ ይጨምራል። ማታ ማታ አራት አራት እንጀራ በእጅ በእጅ የሚገዙኝ ቤቶች ተደምረው ከአንድ ሆቴል ይሻሉኛል የምለው ለዚህ ነው። አንዱ ቢቀር ሥራው አይቆምም።

በዚህ ላይ ማማ ፍሬሽን እየጠቀሱ የሚከራከሩኝ አሉ። ኃይሉ ተሰማ የመሠረቱት ድርጅት እንጀራን በአውሮፕላን ወደ አሜሪካና አውሮፓ ይልካል፤ የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ በ1998 ዓ.ም. ከተከለከለ በኋላ የተጋገረውን መላክ ትልቅ ብልሃት ነው። አደንቃቸዋለሁ። ግን የእሳቸውን ዛሬ አይቶ ለመጀመሪያ ወር ሥራ ዕቅድ ማውጣት ሌላ ነገር ነው።

ዱቤ ጨርሶ አልሰጥም አልልም፤ ሰፈር ውስጥ እየኖሩ አይቻልም። የሚጽፈው ደብተር ግን የኔ ብቻ አይደለም፣ ደንበኛውም የራሱን ይይዛል፤ ቀኑ ደሞዝ በወጣ ማግስት ነው። ዘመድ ከሁሉ ይከብዳል። «አንቺ እያለሽልን ለሰርጉ እንጀራ ልንገዛ ነው?» ሲባል ምን ይመለሳል? የምመልሰው፦ 50 እንጀራ ስጦታዬ ነው፣ የቀረው በዋጋው፣ ቀብድ ቅድሚያ። ስጦታውን ራሴ ቀድሜ በቁጥር ስለምናገር የተቀየመኝ የለም፤ ዝም ብል ኖሮ ስጦታው ሙሉው ይሆን ነበር። ለቤቴ የምወስደውንም እንጀራ እመዘግባለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል።

መመዝገብ ካልኩ አይቀር፣ በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት የወጣ ጊዜ የሆነውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በኦሮሚያ በርካታ ከተሞች ሱቅ እስከ መዝጋት ተደርሶ ነበር። ገማች መጥቶ «በቀን ይህን ያህል ትሸጣላችሁ» ሲል ደብተር የሌለው ሰው የሚያሳየው ነገር የለውም። በ2017 የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ደረጃ «ሐ» የሚባለውን ስላስቀረ አሁን ደብተሩ ይበልጥ ያስፈልጋል። በ2013 ግንቦት የመጣው ቴሌብር በዚህ ረገድ ውለታ ውሎልናል፤ የገባው ሁሉ ተጽፎ ይቀመጣል። ብቻ ደንበኛ የሚያሳያችሁን የስልክ መልእክት አትመኑ፤ የራሳችሁ ስልክ ላይ መግባቱን እዩ። በተጨናነቀ ሰዓት የሐሰት ስክሪንሻት የሚያሳይ ከየትም ይመጣል።

ስለ ጋጋሪዎች በአጭሩ፦ በቁጥር የሚከፈላት ትቸኩላለች፣ ስትቸኩል ዓይኑ ይከዳል። እኛ በወር ነው የምንከፍለው፤ ምሳ አለ፣ ቀኑም አይዛነፍም። ዕቃ እንኳ ቢጎድል የእነሱን ደሞዝ አልነካም። ጥሩ እጅ ያላት ጋጋሪ ስትሄድ ደንበኛው ተከትሏት እንደሚሄድ አይቻለሁ።

ያገኙትን የት ያኑሩት ለሚለው፣ ለገጣፎ አንድ ነገር አስተምራናለች። በ2011 የካቲት ሕገ ወጥ ናቸው ተብለው ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ፣ አብሯቸው ሱቅና ወፍጮ የሄደባቸው ነበሩ። የማን ጥፋት ነው የሚለውን እዚህ አልከራከርም። እኔ ግን ካርታው በእጄ ባልሆነ ቦታ ላይ ሲሚንቶ አላፈስም። ገንዘቤን በሚኒባስ ሊጫን በሚችል ነገር ላይ ነው የማውለው፤ ምጣድ፣ ጤፍ፣ በርሜል። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ምጣድ የገዛሁት በሰፈር እቁብ ነው፤ ወለድ የለው፣ መያዣ የለው፣ ባይከፍሉ የሚያፍሩበት ሰው ግን አለው። አራተኛው ደርሶልኛል። የቤቱ መስመር ግን ሦስት ምጣድ ላይ ነው አቅሙ የሚያበቃው፤ የባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ማመልከቻ አስገብቼ እየጠበቅሁ ነው።